እንከን ያልተገኘለት ካውያ

ሰኞ፣ 3

ይህ ደብተር የዕቃ መመዝገቢያ ነው። በየገጹ አናት ላይ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ «ዕቃው፣ ብልሽቱ፣ የተደረገለት» ይላል። እስከ ዛሬ አሥር ሳምንት ድረስ የሚሞላው እሱ ነበር። ሁለታችንም የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንጠግናለን፤ ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት ግን የእኔንም የራሱንም የሚጽፈው እሱ ነበር። አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ደብተሩን ገለጠችና የአሥሩን ሳምንት ገጽ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። «ተሠራ፣ ተሠራ፣ ተሠራ» ነው የሚለው። ሌላ የምትለው ነገር የለህም ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ለእኔ ካላወራህ እንግዲያው ለደብተሩ አውራ ብላኝ ሄደች። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ስለሠራች ሰው ሁሉ ፋይል ውስጥ የሚገባ ይመስላታል።

እሺ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ምንም አልሆንኩም።

ዛሬ አንድ ሰው ካውያ ይዞ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጅም፣ የሸሚዙ ኮሌታ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ዓመት ጡረታ መውጣቱን፣ ካውያው ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ካውያው አይሞቅም። ፈታሁት፤ ከእጀታው ሥር አንዷ ሽቦ ከብሎኗ ወጥታለች። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ገመዱ አንገት ላይ የቆየ አረንጓዴ ቴፕ ተጠቅልሎበታል፤ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን እኩሌታ ሸፍኖ፣ አንድም ቦታ ሳይሸበሸብ። ይህን የጠቀለለው ሰው እጁ ይባረክ፣ ሥራ ያውቃል አልኩት። ሰውዬው አንዴ ካውያውን፣ አንዴ እኔን አየና «ሳያውቅ አይቀርም» አለ።

ከዚያ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አልሄደም። ዓይኑ የወንድሜ ወንበር ላይ ሲያርፍ «እሱ የሰው ነው» አልኩትና የእንጨት ሣጥን ገልብጬ ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው።

ዕቃው፦ ካውያ። ብልሽቱ፦ የወጣች ሽቦ። የተደረገለት፦ ተሠራ።

ማክሰኞ፣ 4

ዝናብ። ሁለት ራዲዮ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራት። ጠዋት ሸሚዜን ተጨማድዶ አገኘሁትና ካውያችን የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ «ሥራ ላይ ነው» አለች። ለእህቷ አውሳው መሆን አለበት። አልተከራከርኩም።

ሐሙስ፣ 6

ሹፌሩ ተመለሰ። ያው ካውያ፣ ያው ብልሽት፣ ያችው ብሎን። ከፍቼ ሳያት እስከ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። የሠራሁት ዕቃ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ አያውቅም። እጄ ነው ወይስ ዓይኔ? ይቅርታ ብጠይቀው «ኧረ ምን ገዶኝ፣ እርስዎ ብቻ አይጨነቁ» አለኝ፣ ጭራሽ ደስ ብሎት። ካውያው ሁለቴ የተበላሸበት ሰው እንዲህ አይስቅም።

ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ስለ እንቅልፉ አወራኝ። አሁንም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ብድግ ይላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጉዞ የተነሳበት ሰዓት ነው። ይለብሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ «ተሳፋሪ የለም፣ ተኛ» ትለዋለች። ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

እሑድ፣ 9

ዛሬ ወንድሜን ልጠይቅ ነበር ያሰብኩት። ዝናቡ አላስወጣ አለ። ባለቤቴ አውቶቡሱ ጣራ እንዳለው አስታወሰችኝ። እስከ ፌርማታው ድረስ ግን ጣራ የለም አልኳት።

ታናሼ ነው። አንድ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም አብሮ ታሰረ። ሆስፒታል ሳለ ሁለት ጊዜ አየሁት። አሁን ሴት ልጁ ቤት ነው የተኛው፤ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። እዚያ ከገባ ወዲህ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ዝናቡ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ደወለች፤ ባለቤቴ አነሳችው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። «እሑድ እሑድ በሩን በሩን ያያል?» ስትል ሰማኋትና ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችው። እኔም ደህና የሚሠራ መብራት ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ። ስትወጣ ምን አለች ብዬ ጠየቅኳት። «ሰላም ብላሃለች» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እሄዳለሁ። ድንጋይ ቢዘንብም።

ሰኞ፣ 10

ዛሬ ደግሞ እጄን ዘረጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቃችን ሁለት ጠረጴዛ ነው ያለው፤ አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ ሌላው በዚያኛው። ሃያ ስድስት ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሠርተናል። እኔ ለግድግዳው አወራለሁ፣ መልሱ ከኋላዬ ይመጣል። መሣሪያ ስፈልግ ስሙን አልጠራም። እጄን በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፤ የምፈልገው መጥቶ መዳፌ ላይ ያርፋል። እንዴት እንደሚያውቅ ጠይቄው አላውቅም። ምን እየፈታሁ እንደሆነ ከድምፁ ይለየው ነበር መሰለኝ።

ዛሬ የራዲዮ ክዳን እየከፈትኩ እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ሄደ። ምን ያህል እንደቆየ እንጃ። አንዲት ደንበኛ በር ላይ ቆማ «ምነው፣ ትከሻዎትን ያምዎታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ረቡዕ፣ 12

ካውያው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሹፌሩ ዓርብ እወስደዋለሁ ብሎ ትቶልኝ ሲሄድ ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ብሎኗን መረመርኳት። አናቷ ላይ አዲስ ጭረት አለ። የካቻቪቴ ጭረት አይደለም፣ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። ሆን ተብሎ ነው የላላችው። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ሳማ ሰንብቻለሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝና አንጀቴን በላው። ሰውዬውን ያስቸገረው ካውያ አይደለም፤ የሚያወራው ሰው አጥቶ ነው።

ቤት ስገባ ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። ወንድ ልጅ ሲከፋው ከፋኝ አይልም፣ ሰበብ ይፈልጋል እንጂ አልኳት፣ እንደ አዋቂ። ልብስ እያጠፈች ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትለየዋለህ ብላ ጠየቀችኝ። ተመችቶኝ አስረዳኋት። ሳትጠይቂው ምንም አልሆንኩም ይላል፣ ሥራ ሳይኖረው ሥራ በዛብኝ ይላል፣ ቤት ሰው እየጠበቀው ውጭ ያመሻል አልኳት። ስለ ልቡ ስትጠይቂውማ ስለ አየሩ ነው የሚመልስልሽ። ባለቤቴ የያዘችውን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያነጠሳት መሰለኝ።

«ምስኪን» አለች ሸሚዙን ከፊቷ አውርዳ። «እንዲህ ሆነሃል ብሎ የሚነግረው ሰው የለውም?»

«ቢነግሩትስ መች ይሰማል።»

«እሱስ እውነትህን ነው። እሑድ ወንድምህ ጋ ትሄዳለህ?»

«ዝናቡ ካባራ» አልኳት።

እንደገና አነጠሳት። ጉንፋን ሳይዛት አይቀርም፤ ካርድ ክፍሉ ብርድ ነው።

ዓርብ፣ 14

እውነቱን ልጻፈው። ካውያውን ሠርቼ ካበቃሁ በኋላ ብሎኗን መልሼ አላላኋት። አደጋ እንደሌለው ሦስቴ ፈትሼ ነው፤ ቢበዛ አይሞቅም። ጎዶሎ ሥራ ከእጄ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሰውዬው ብዬ ነው ያደረግኩት። እሱ እቤቱ በቢላዋ ሲታገል እጁን እንዳይቆርጥ። እኔማ ምን ጎደለኝ።

እሑድ፣ 16

ራሴን አመመኝ። ባለቤቴ ክኒን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ብቻዋን ሄደች።

ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ቆመች። ወንድሜን የምታለማምደው ባለሙያ በደህናው በግራ እጁ ዕቃ እንዲጨብጥ፣ እንዲያቀብል ታዘዋለች አለች፤ እየቆየ ቀኙም አብሮ ይለማመዳል፣ ድምፅም ለማውጣት ይሞክራል። እሱ ግን የሰጡትን ትንሽ ኳስ ይወረውርና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባለሙያዋ ወሳኞቹ እነዚህ ወራት ናቸው፣ እሱ ካልፈለገ እኔ ምንም ላደርግለት አልችልም ብላለች። ልጁ ኩሽና ገብታ አልቅሳለች።

«ካንተ በቀር የሚሰማው ሰው የለም» አለችኝ ባለቤቴ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም አልኳት። ክኒኑን ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ 18

ሹፌሩ ከመንገድ ማዶ ሲመጣ አየሁትና ሁለተኛ ብርጭቆ አጥቤ ሻይ ቀዳሁ። ያንን ብርጭቆ ከወንድሜ ወዲህ ማንም አልጠጣበትም። «አሁንም አይሞቅም» አለኝ፣ ካውያውን እያቀበለኝ። እሱ ራሱ ግራ የገባው ይመስላል። እውነቱን ነው፤ በዚህኛው ብልሽት እጁ የለበትም። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ካውያው ዕቃ ይፈልጋል፣ እስከ ሐሙስ ይቆይ አልኩት።

ጥቂት ወራት ሆኖታል ደረቱን ሲጨንቀው። ክሊኒክ ሄዶ ልብህ ደህና ነው ተባለ። ደህና ነህ ሲሉት ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ካርድ ሳያወጣ እየሄደ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የሰው ስም ሲጠራ መስማት ደስ ይለዋል። ምን ሆነሃል ያለችው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ናት፤ ቀልደኛ ሴት ናት አለኝ። የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ክሊኒክ ሞልቷል።

ከዚያ መንገዱን እያየ እንዲህ አለ፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላዬ ሃምሳ ሰው ነበር። ዞሬ አላያቸውም፤ መኖራቸውን ግን ጀርባዬ ያውቃል። አሁን ጀርባዬን ይበርደኛል።»

ቀና ስል የወንድሜ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ከሣጥኑ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። ተነስ ልለው አፌን ከፍቼ «ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት። ደግሞ «ልጨምርልህ» ነው ያልኩት፣ «ልጨምርልዎት» አይደለም። እሱም ጨምርልኝ አለ፤ በዚያው አንተ ተባባልን።

ሐሙስ፣ 20

ተጣላን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወይም የእሱ ነው።

ጀርባዬን ሰጥቼው እየሠራሁ ነበር፤ እሱ ከኋላዬ ስለ አንድ ገደላማ መንገድ ያወራል። ልቤ ረግቶ ነበር። ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። አንድ ነገር መጥቶ መዳፌ ላይ አረፈ። ሳየው ፒንሳ ነው።

ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩትና «ካቻቪቴ ነው» አልኩት።

«ምንም አላልክም እኮ።»

«እሱ ሳልነግረው ያውቅ ነበር። ተነስ ከወንበሩ።»

ቀስ ብሎ ተነሳ። የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። «እሱ የት ነው ያለው?» አለኝ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ስለ ወንድሜ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ሥራ አለብኝ አልኩት። ካውያውን ሳይወስድ ሄደ።

ዓርብ፣ 21

አልመጣም። ሥራ በዝቶብኛል። አንድ መብራት።

ቅዳሜ፣ 22

አልመጣም። ግድ የለኝም። አራት ጊዜ በር ላይ የወጣሁት አየር ለማግኘት ነው። ብሎኗን በደንብ አጠበቅኳት።

እሑድ፣ 23

ዛሬ ፀሐይ ወጣች። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጠብታ አልዘነበም። እና አልሄድኩም።

ባለቤቴ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ደግሞ ከጥያቄው ባሰብኝ። እንግዲህ ለደብተሩ ልናገር። ሆስፒታል ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ወንበር አልጋው ፊት ለፊት አድርገው አስቀመጡኝ። ወንድሜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም፤ ድዱ ላይ አንድ ጥርስ መጉደሉን እንኳ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ወጣ፣ ምን እንዳለ አልገባኝም። ደገመው። አሁንም አልገባኝም። ከአንድ ዓይኑ እንባ ሲወርድ «ዝናብ ሊመጣ ነው» አልኩትና ዣንጥላዬን መፈለግ ጀመርኩ። አልጋው ሥር ሁሉ ፈለግኩ። ዣንጥላዬ እጄ ላይ ነበር።

ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እንደገና ያንን ቃል ቢለኝና እንደገና ባይገባኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው። ታላቁ እኔ ነኝ፤ እሱ ግን እዚያ ተኝቶ በር በር ያያል።

ሰኞ፣ 24

ካውያውን ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ሰው ማፈላለግ ታውቅበታለች፤ ሹፌሩን ታገኝልኝ እንደሆነ ብዬ ነበር። ታሪኩን እየነገርኳት ሳለ ካውያውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ሶኬት ላይ ሰካችው፣ ሸሚዜን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መተኮስ ጀመረች። የሰው ዕቃ እኮ ነው አልኳት።

«የእኛ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

አሥራ አንድ ዓመት ሸሚዜን የተኮሰችበት ካውያ ነው። አራት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። መጀመሪያ ብሎኗን አላልታ ለሹፌሩ የሰጠችው እሷ ናት። አንዱ አግዳሚ ላይ፣ አንዱ ቤቴ ውስጥ፣ ሁለት ዝምተኛ ማስታመም ሰለቸኝ፤ ለየብቻ ከማስታምማችሁ ላገናኛችሁ ብዬ ነው አለችኝ። በማግስቱ ታውቀዋለህ ብላ ስትጠብቅ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት። በእህቷ ካውያ እየተኮሰች የምትለብሰው የራሷን ብቻ ነበር፤ የእኔን ሸሚዝ እስኪገባኝ ድረስ ተጨማድዶ ይክረም ብላ ትታዋለች። ልቆጣ ፈልጌ የሚያስቆጣ ነገር አጣሁበት።

«ካውያውን እንኳ አታውቀው፤ ተኩሰህ አታውቅም» አለችኝ። «ቴፑንስ? ማን ነው የጠቀለለው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን እኩሌታ ሸፍኖ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገመዱ ሲላጥ እኔ ሁልጊዜ ነገ እሠራዋለሁ ስላት፣ ወንድሜ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የጠቀለለው። እጁ ይባረክ ያልኩት እሱን ነው። የገዛ ወንድሜን እጅ ለማላውቀው ሰው አመሰገንኩት።

አለቀስኩ። ባለቤቴ ካውያውን አቁማ ራሴን ያዘችኝ። ከፋኝ አልኳት። እሷም አውቃለሁ አለችኝ። ሸሚዙ ግን በደንብ ተተኮሰ።

ማክሰኞ፣ 25

ሱቁን ዘግቼ ክሊኒክ ሄድኩ። ሹፌሩ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከካርድ ክፍሏ መስኮት አይታን ወዲያው ፋይል የምትፈልግ መሰለች።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ሚስቴ እንደላከችህ አውቄአለሁ አልኩት፤ ትንሽ ቅር ብሎኝም ነበር፣ አልደብቅም።

«የመጀመሪያውን ቀን እሷ ናት የላከችኝ» አለ። «ባለቤቴ ዝም ብሏል፣ ሄደህ አዋራው አለችኝ። ከዚያ በኋላ የላከኝ የለም። ያቺን ብሎን በቢላዋ ሳላላ ሚስቴ ካውያውን ታበላሸዋለህ ብላ ትጮህብኝ ነበር።»

ስለ ወንድሜ ነገርኩት። ሁለታችንም መስኮቱን እያየን ነው። የዣንጥላውን ነገር እንኳ ነገርኩት። አልሳቀም። እሱም ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት እንደማይችል ነገረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከረዳቱ ጋር ሲያወራ፣ እናቱ ስትሞት እንኳ ያለቀሰው መንገድ መንገድ እያየ ነበር። «አንተስ ለምን ፊት ለፊት ትቀመጣለህ?» አለኝ። «ማን አዘዘህ?»

ማንም አላዘዘኝም። ወንበሩን እዚያ ስላገኘሁት ነው የተቀመጥኩት።

እሑድ፣ 30

ዘነበ። ሄድን።

ሹፌሩ አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ እያለ ከሚነዳው ወጣት ጎን ቆሞ ሄደ፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ምላሱን ጠቅ ያደርግ ነበር። ሲወርድ ግን «በርታ ልጄ» አለው። የወንድሜ ልጅ በር ከፍታ «ጋሼ» አለችኝ። የእኔን ዣንጥላ ተቀብላ ከእሷው ጋር አስቀመጠችው።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ከስቷል። ሰላም ስለው ዞረና አየኝ፣ ያ ከንፈሩም መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እግሬ ደግሞ ወደ በሩ። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ አላሳልፍህም ያለ አይመስልም፣ ብቻ ሰፊ ሰው ነው። የመሣሪያ ሣጥኔን ከፍቼ ካቻቪቴዎቹን፣ ፒንሳውን፣ ማጉያውን በግራ እጁ በኩል አልጋው ላይ ደረደርኩ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን በርጩማ ሳብኩና ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ ጎኑን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ካውያውን ጭኔ ላይ አድርጌ መፍታት ጀመርኩ።

ለግድግዳው ነው ያወራሁት። የገዛ ካውያዬን አራት ጊዜ መሥራቴን ነገርኩት፣ የተጨማደደ ሸሚዜን፣ የባለቤቴን ማስነጠስ። ዝናቡ ሰበብ እንደነበረ ነገርኩት። ዣንጥላው እጄ ላይ እንደነበረ። ያን ቀን ያልከኝ አልገባኝም፣ ዛሬም ብትለኝ ላይገባኝ ይችላል፣ ግን እየመጣሁ እሰማለሁ አልኩት። ሱቁ ያለ አንተ ሱቅ አይደለም አልኩት። ከኋላዬ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ሹፌሩ መስኮቱ ጋ ሄዶ መንገዱን ያያል።

የእጀታው ትንሿ ብሎን ላይ ስደርስ እጄ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። ልመልሰው አሰብኩ፤ ተውኩት። አልዞርኩም። ቆየ። ክንዴ መዛል ጀመረ። አንሶላው ሲንሻሻ ሰማሁ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ አንድ ነገር ወድቆ ሲንከባለል፣ ከዚያ እንደገና ፍለጋ። የወንድሜ ልጅ ልታነሳለት ስትራመድ ሹፌሩ በእጁ ምልክት አቆማት።

ባለ ቀይ እጀታዋ ትንሿ ካቻቪቴ መጥታ መዳፌ ላይ አረፈች። ያቀበለኝ እጅ ግራ ነው። መሣሪያው ግን ራሱ ነው።

ያኔ ዞርኩ። ከኋላዬ መሆኑን እያወቅኩ ነው የዞርኩት። ፊቱ ግማሹ ይስቃል፣ ሌላው ግማሽ ገና ነው። ያንን ቃል እንደገና አለው፣ አሁንም አልገባኝም። ድገመው አልኩት። ደገመው። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ በሦስተኛው ቴፑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ በዓይኑ ሸሚዜን አሳየኝ። ቃሉን አሁንም አልያዝኩትም። እያሾፈብኝ መሆኑን ግን ለይቻለሁ።

ዕቃው፦ ካውያ። ብልሽቱ፦ የለውም። የተደረገለት፦ ሁለታችን ፈታነው፣ ሁለታችን ገጠምነው።

በሚቀጥለው እሑድ የሹፌሩን የውሃ ማፍያ ይዘን እንሄዳለን። ለጊዜው ደህና ነው፤ ሹፌሩ እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር አደርገዋለሁ ብሏል።